ዶክተሩን እምቢ ያልኩ ዕለት

እቤቴ ውስጥ ወሬ ስጀምር የሚያስቆመኝ ሰው አልነበረም። ከጎረቤት ጋር፣ ከሽንኩርት ሻጭ ጋር፣ የአውቶቡስ ትኬት ከሚቆርጠው ሰውዬ ጋር ሳይቀር ተከራክሬ የምረታ ልጅ ነበርኩ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ፊቴ ሲቆም ግን ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይለጠፋል። ከማውቀው አማርኛ ሁሉ የምትተርፈኝ «አዎ ዶክተር» የምትለዋ ብቻ ነበረች።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ወደ መጨረሻው ገደማ ነው። የነርስ ትምህርቴን ጨርሼ ከሰፈሬ ከኮልፌ ብዙ በማይርቅ ሆስፒታል፣ የሴቶች ክፍል ተመደብኩ። ክረምት ስለነበረ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጫማዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ቦቲ አጥልቄ፣ ጭቃውን እየቀዘፍኩ እሄዳለሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ጫማ እቀይርና ሰው እመስላለሁ። ለመምሰሉ ማን ብሎኝ።

እናቴ በልጅነቷ ከከፋ የመጣች፣ ኮልፌ ገበያ ውስጥ ኮረሪማና ማር የምትሸጥ ሴት ናት። ድምጿ ከገበያው አንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ ድረስ ይሰማል። እሷ ዋጋ ስትናገር ሌሎቹ ነጋዴዎች የራሳቸውን ዋጋ ያስተካክላሉ። ልጇ ነርስ መሆኗ ያኮራት ስለነበር ቆቤን አጥቦ ማድረቁን ለማንም አትሰጥም። ቆቡ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ስታርች ያስፈልገዋል ብላት፣ የሱቅ ነገር አላምንም ብላ በቀጭን አጥሚት ትነክረው ጀመር። በደህና ቀን ቆቤ እንደ ቆርቆሮ ይቆማል። ዝናብ የነካኝ ቀን ግን አጥሚቱ በግንባሬ ይወርዳል።

የክፍላችን ሐኪም ዶክተር ታደሰ ናቸው። ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ረዘም ያለ ሰው ነበሩ። ሲናገሩ ይሮጣሉ። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ያደርጉትና እኔ የቱ የቱ እንደሆነ ስለይ እሳቸው የሚቀጥለው አልጋ ላይ ደርሰዋል። በመጀመሪያው የጠዋት ጉብኝት ከአንዲት በሽተኛ ግርጌ ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሲስተር፣ ትኩሳቷን ለክተሻል?»

«አዎ ዶክተር።»

«ስንት ነው?»

«አዎ ዶክተር።»

ዶክተር ታደሰ በመነጽራቸው አናት ላይ አሻግረው አዩኝ። አጠገቤ የነበሩት ጋሽ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቁጥሩን ተናገሩና አዳኑኝ። ጋሽ በቀለ የክፍላችን ድሬሰር ናቸው። ጦር ሠራዊት ውስጥ ቁስል ሲያስሩ የኖሩ፣ በሽተኛው «መቼ ነው የሚወጉኝ?» እያለ መርፌውን ጨርሰው የሚሄዱ ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶክተር እኔን ይጠይቃሉ፣ ጋሽ በቀለ ይመልሳሉ፣ እኔ ቆቤን ይዤ እቆማለሁ።

የሥራ ባልደረቦቼም ይህን ድክመቴን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። «እሁድ ትገቢልኛለሽ?» ትለኛለች አንዷ። «አዎ።» «በዓሉንስ?» ትለኛለች ሌላዋ። «አዎ።» የዚያን ዓመት በዓላት ያሳለፍኩት ከበሽተኞች ጋር ነው። እናቴ ዶሮዬን በሳህን ይዛ በር ላይ ስትመጣ ዘበኛው የሕመምተኛ ጠያቂ መስላው የአልጋ ቁጥር ጠየቃት። እሷም «አልጋ ቢኖራትማ ምን ቸገረኝ» አለችው።

አንድ ቀን ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሰፈር የፈንጣጣ ክትባት የሚያደርስ ሰው ጠፋ። መኪናው ተበላሽቷል። ዶክተር ታደሰ ኮሪደሩ ላይ አገኙኝና «ብስክሌት መንዳት ትችያለሽ?» አሉኝ።

ብስክሌት የማውቀው ሌላ ሰው ሲነዳው ነው። «አዎ ዶክተር» አልኩ።

የክትባቱን ቦርሳ በትከሻዬ አንግቼ ብስክሌቱን እንደ እምቢተኛ በግ እየጎተትኩ ወጣሁ። የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የተበላሸብኝ መስሎት ይቆማል። «ምኑ ነው?» ሲለኝ «ሰንሰለቱ» እላለሁ። አንድ ደግ ሰው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ደህናውን ሰንሰለት ፈትቶ ገጠመልኝ። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ ላይ አለመውጣት ነውር ሆነብኝ። እሱ እያየኝ ወጣሁና ቁልቁለቱን ተያያዝኩት። ብስክሌቱ መሄድ ያውቅ ነበር፤ መንዳት የማላውቀው እኔ ነኝ። ቦይ ውስጥ አብረን ገባን። ክትባቱ ምንም አልሆነም። ቀራንዮ ስደርስ ግን ሊከተቡ የተሰለፉት ሰዎች መጀመሪያ የእኔን ጉልበት አጥበው አሰሩልኝ፣ ከዚያ ክንዳቸውን ሰጡኝ።

በማግሥቱ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አስካለ ቢሯቸው ጠሩኝ። ሲስተር አስካለ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም፤ እሳቸው ሲናገሩ ግን ዶክተሮቹ እስክሪብቷቸውን ያስቀምጣሉ። ጉልበቴ ላይ ያለውን ፋሻ ትንሽ አዩት።

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን የት ጥለሽው ነው የመጣሽው?»

«እዚሁ አለ ሲስተር» አልኩ፣ ላሳያቸው ይመስል ከፈት አድርጌ።

«ስሚኝ። ዶክተር ጋ ስትቀርቢ መጀመሪያ ስለማን እንደምትናገሪ ንገሪያቸው። ቀጥለሽ ያየሽውን። ከዚያ ያሳሰበሽን። መጨረሻ ላይ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጊ። የማታውቂውን አላውቅም በይ፣ የማትችዪውን አልችልም በይ። ሐኪም አይናከስም።»

«አዎ ሲስተር» አልኩ።

ሲስተር አስካለ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እኔም ልምምድ ለመጀመር ወሰንኩ። እቤታችን ጓዳ ውስጥ አንገቱ ረዘም ያለ የማር ቅል ነበረን። ከሥራ ስመለስ መደቡ ላይ አቆመውና ዶክተር ታደሰ ነው ብዬ ፊቱ እቆማለሁ። መነጽር ብቻ ነው የጎደለው። «አይሆንም ዶክተር» እለዋለሁ። «አልችልም ዶክተር።» መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር። እናቴ ከውጭ ሰምታ ብቅ አለች።

«በዚህ ድምፅ ምን ልትሸጪ ነው? ከሆድሽ አውጪው እንጂ።»

ከሆዴ አወጣሁት። «እምቢ ዶክተር። አልስማማም ዶክተር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ነገር አይሆንም ዶክተር።» ቅሉ አንድም ቃል ሳይመልስልኝ አደረ፤ ለእኔ ትልቅ ድል ነበር።

የዘነጋሁት ነገር ቢኖር የጭቃ ግድግዳችንን ነው። ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት ጋሽ ወልደየስ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ፣ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የሰፈሩን ጉዳይ ሁሉ የራሳቸው የሚያደርጉ ሽማግሌ። ልጅቷ በየምሽቱ «እምቢ ዶክተር፣ አልስማማም ዶክተር» ስትል ሰሙ። ምን ብለው እንዳሰቡ መናገር አያስፈልገኝም። ዶክተር ለጋብቻ ጠይቋት እምቢ ብላለች ተባለ። ሳምንቱ ሳያልቅ ዶክተሩ መኪና እንዳለው፣ መኪናውን ሊሰጠኝ እንደነበረ፣ እኔ ግን ቀለሙን እንዳልወደድኩት ገበያው ውስጥ ይወራ ጀመር።

እናቴ እውነቱን ታውቃለች። ነገር ግን ወሬውን ለማጣራት የሚመጣ ሰው ሁሉ ኮረሪማ ሳይገዛ መሄድ ስለሚያፍር፣ ቶሎ ማስተባበሉ አልታያትም።

በዚህ መሐል እማማ ከድጃ መጡ። ከስልጢ አገር ኮልፌ ወደሚነግደው ልጃቸው ቤት ገና መምጣታቸው ነው፤ አማርኛ አይሰሙም። የሳንባ ምች ይዟቸዋል። ልጃቸው በማለዳ አምጥቶ አስተኛቸውና ሱቁን ሊከፍት ሮጠ። ዶክተር ታደሰ ደረታቸውን አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ቋንቋቸውን ትችያለሽ?»

ለቅሉ የተናገርኩት ሁሉ ተግተልትሎ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። «አል...» የምትለዋ እንኳ ወጥታ ነበር። ዶክተር በመነጽራቸው አናት አዩኝ።

«አዎ ዶክተር» አልኩ።

«ጥሩ። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ተወግተው ያውቁ እንደሆነ ጠይቂልኝ። የጎዳቸው ነገር ካለም ይንገሩሽ።»

አልጋው ላይ ጎንበስ አልኩና በሌባ ጣቴ ክንዴን ወጋ ወጋ አድርጌ አሳየኋቸው። እማማ ከድጃ ዓይናቸው ፈጠጠ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሁለት እጃቸውን አወናጨፉ፣ ፊታቸውን ያዙ፣ አንገታቸውን ያዙ፣ ብዙ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አሉ ዶክተር።

«ተወግተው አያውቁም ዶክተር።»

ዶክተር ታደሰ መርፌውን አዘው ሄዱ። የዚያን ቀን ከሚኒስቴር እንግዶች ስለሚመጡ ተጣድፈዋል። እኔ ግን አልጋው አጠገብ ቀረሁ። ተወግቼ አላውቅም ለማለት አንድ ሰው ይህን ያህል እጁን ያወናጭፋል? አንገቱንስ ለምን ይይዛል? እማማ ከድጃ ደግሞ የገባኝ መስሏቸው በደስታ እጄን ይዘው ይዳብሱኛል።

ብዙ ሳይቆይ የልጃቸው ሚስት ዘሀራ ሾርባ ይዛ መጣች። ዘሀራ ኮልፌ ያደገች ናት፤ ሁለቱንም ቋንቋ ትችላለች። ሾርባውን ሳታስቀምጥ ያዝኳት።

«እባክሽ ጠይቂልኝ፣ መርፌ ተወግተው ያውቃሉ?»

ዘሀራ ጠየቀቻቸው። እማማ ከድጃ አሁንም ያንኑ በእጃቸው እያሳዩ ተናገሩ። ዘሀራ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አምና አገር ቤት ክሊኒክ ወግተዋቸው ነበር አሉ። ወዲያው ፊታቸው አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ሞቱ ተብሎ ተለቅሶላቸዋል። ዳግመኛ ፔኒሲሊን እንዳትወጊ ብሏቸዋል ሐኪሙ።» ቀጥላም «ለአንቺ ጠዋት ነግረውሻል። ገብቷታል፣ ደግ ልጅ ናት ይሉሻል» አለችኝ።

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ቀና ስል ጋሽ በቀለ ትሪያቸውን ይዘው እየመጡ ነው። ትሪው ላይ መርፌው ተዘጋጅቷል።

«ጋሽ በቀለ፣ ይቆዩ።»

«ምን ሆንሽ ልጄ? ዶክተር አዘዋል እኮ።»

«ዶክተርን ላናግራቸው።»

«እንግዶች ይዘዋል፣ አሁን አያናግሩሽም። ቶሎ ወግቼ ልለፍ።»

የእሳቸውን ፍጥነት ስለማውቅ ትሪውን ያዝኩ። እሳቸውም አልለቀቁም። ሁለታችን ትሪ ስንጓተት በሽተኞቹ ሁሉ ቀና ቀና አሉ።

«ጋሽ በቀለ» አልኩ፣ «ይህን መርፌ ከወጓቸው ሊሞቱ ይችላሉ።»

ሆስፒታሉን ከረገጥኩ ጀምሮ ከአፌ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል። ጋሽ በቀለ ፊቴን አዩኝ። ትሪውን መልሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና አልጋው አጠገብ እንደ ዘብ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ሂጂ። አንቺ ሳትመለሺ ማንም አይነካቸውም።»

ዶክተር ታደሰ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ናቸው። ሙሉ ልብስ የለበሱ እንግዶች ከበዋቸዋል፣ ሲስተር አስካለ ከኋላ አሉ። ደረስኩና «ዶክተር» አልኩ። የሰማኝ የለም። ደግሜ «ዶክተር» አልኩ። አንዱ እንግዳ ዝንብ የመጣበት ይመስል ጆሮውን ነካ አደረገ። እንግዶቹ ወደሚቀጥለው ክፍል ሊገቡ በሩ ተከፈተ። ያ በር ከተዘጋ እኔም አብሬ የምዘጋ መሰለኝ።

«ዶክተር፣ አይሆንም።»

ድምፁ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ሁሉም ሲዞሩ ነው። ኮልፌ ገበያ ውስጥ ማር የሚሸጥበት ድምፅ ነበር። ከአንደኛው ክፍል አንዲት በሽተኛ ከእንቅልፏ ተነስታ «አቤት» አለች። አንዱ እንግዳ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

«ምኑ ነው የማይሆነው?» አሉ ዶክተር ታደሰ።

ሲስተር አስካለን አየኋቸው። ራሳቸውን በጣም ትንሽ፣ እኔ ብቻ በማየው መጠን ነቀነቁ።

«እማማ ከድጃ ናቸው ዶክተር፣ የሳንባ ምች ያለባቸው። ፔኒሲሊን ታዞላቸዋል። አምና ተወግተው ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው እንደነበር የልጃቸው ሚስት አሁን ነገረችኝ። እንደገና ቢወጉ ይሞታሉ ብዬ ሰጋሁ። እስካሁን አልተወጉም። መርፌው እንዲቀርና ሌላ መድኃኒት እንዲያዙላቸው እፈልጋለሁ።»

«ጠዋት ተወግተው አያውቁም አላልሽኝም?»

«ብዬዎታለሁ። ቋንቋቸውን አልችልም።»

«እችላለሁ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«አልችልም ዶክተር። ብስክሌትም አልችልም።»

የብስክሌቱን ማን ጠየቀኝ? ግን አፌ አንዴ ተከፍቶ ነበር። ዶክተር ታደሰ እንግዶቹን ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቁ ወደ ክፍላችን ገሰገሱ። ዘሀራን ጠየቋት፣ በእሷ በኩል እማማ ከድጃን ጠየቋቸው፣ ትእዛዙን በእጃቸው ሰርዘው ሌላ መድኃኒት ጻፉ። ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የተናገሩት።

«ጠዋት አልችልም ብትዪኝ አንድ ቃል ነበር።»

«አዎ ዶክተር።»

«አሁን የተናገርሽው ግን ከልብሽ የመጣ ነው። በሽተኛዬን አድነሽልኛል። ሁለተኛ እኔን ፈርተሽ ዝም እንዳትዪ።»

ጋሽ በቀለ አሁንም ዘብ እንደቆሙ ነበሩ። «ልጄ፣ ልቀመጥ?» አሉኝ። ለካ ፈቃድ የሚጠብቁት ከእኔ ነው።

ቀኑ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንሶላ ተሸክሜ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ወልደየስን አየኋቸው። ኮታቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ ጃንጥላቸውን ይዘዋል። በሰፈራቸው ልጅ እምቢ የተባለውን ሰው ዓይኑን ሊያዩት ነው የመጡት። ዶክተር ታደሰን አገኟቸው። እኔ ከበሩ ኋላ ከነአንሶላዬ ደርቄ ቀረሁ።

«ዶክተር ታደሰ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ አባቴ። ምን ልታዘዝ?»

«እኔ የልጅቷ ጎረቤት ነኝ፣ እንደ አባቷ ይቁጠሩኝ። እምቢ ብላዎታለች ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

ዶክተር ታደሰ ወሬው እንዲህ ቶሎ ኮልፌ መድረሱ ገርሟቸዋል። «እውነት ነው» አሉ። «ዛሬ ጠዋት፣ በእንግዶቼ ፊት።»

«በእንግዶች ፊት?» ጋሽ ወልደየስ ጃንጥላቸውን ተደገፉ። «ይህ ዓይነቱ ነገር በሽማግሌ ቢሆን አይሻልም ነበር?»

«ጊዜ አልነበረም አባቴ። ትንሽ ብትዘገይ ሰው ይሞት ነበር።»

ጋሽ ወልደየስ ዶክተሩን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። ፊታቸው በአንዴ ራራ። «እስከዚህ ድረስ ነው እንዴ የወደዷት?»

ጠዋት የነበረችው እኔ ብሆን ኖሮ አንሶላው ውስጥ ተጠቅልዬ ነበር የምቀረው። አሁን ግን ከበሩ ኋላ ወጣሁ።

«ጋሽ ወልደየስ፣ ዶክተር ባለትዳርና የልጆች አባት ናቸው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። እምቢ ያልኩት መርፌ ነው። ማታ ማታ የሚሰሙኝም ለማር ቅል ስናገር ነው።»

ዶክተር ታደሰ ሲስቁ ሳይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ጋሽ ወልደየስ ግን ክብራቸውን የሚለቁ ሰው አይደሉም።

«መርፌውን እምቢ ማለቷ ልክ ነበር?» አሉ።

«ልክ ነበር» አሉ ዶክተር።

«እሱን ላረጋግጥ ነው የመጣሁት» ብለው እጅ ነሥተው ወጡ።

ማታ ለእናቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። የማር ቅሉን ክዳን እየወለወለች ሰማችኝ። ስለ መርፌው አልጠየቀችም፣ ስለ እንግዶቹም አልጠየቀችም።

«ድምፅሽ እስከ የት ተሰማ?» አለችኝ።

«እስከ ኮሪደሩ ጫፍ።»

«ግድግዳ አለው አይደል ኮሪደሩ?»

«አለው።»

«ባይኖረው ይቀጥል ነበር» አለች። እናቴ አመሰገነችኝ ማለት ነው።

እማማ ከድጃ እየተሻላቸው ሄዱ። አንድ ጠዋት ጉብኝት ላይ ሁላችንም አልጋቸውን ከበን ቆመናል። ዶክተር ታደሰ ደረታቸውን አዳመጡ፣ ቻርቱን አዩ፣ እንደ ልማዳቸው ወደሚቀጥለው አልጋ መሮጥ ሲገባቸው ቆሙ። ጋሽ በቀለን አላዩም፣ ሲስተር አስካለንም አላዩም።

«ሲስተር» አሉኝ፣ «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ከዚያ በፊት በዚያ ክፍል ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቆቤን አስተካከልኩ። እማማ ከድጃ እንዴት እንዳደሩ ተናገርኩ። ትንፋሻቸው፣ ሳላቸው፣ የበሉት፣ ያልበሉት። ነገ ቤታቸው ቢሄዱ ጥሩ እንደሆነ፣ ግን ዘሀራ መጥታ መድኃኒቱ በቋንቋቸው ሊነገራቸው እንደሚገባ። ከአልጋቸው በላይ ያለው መስኮት እንደማይዘጋና ብርዱ የበሽተኞችን ሕመም እያባሰ እንደሆነ። ቴርሞሜትሩ ለክፍሉ እንደማይበቃ። የእሁድ ተራ እኩል መደልደል እንዳለበት። ሲስተር አስካለ እጃቸውን ሲያነሱ ሊያስቆሙኝ መስሎኝ ነበር፤ ከንፈራቸው ላይ ያለውን ፈገግታ ሊሸፍኑ ነው።

እኔ ቀጠልኩ። ዶክተር ታደሰ ትንሽ ጠበቁና ወንበር ስበው ተቀመጡ።